ያለ እናት ያደጉ ጫጩቶች
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በእርሻ ክበብ አባሎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ ቆመን እንድንናገር የታዘዝነው ስለ ዶሮ ነው። ከወዲሁ የሚሥቁ እናቶች እናያለን። እውነታቸውን ነው፤ በይፋት ቆላ ዶሮ የሌለበት ግቢ ስለማይገኝ ስለ ዶሮ እናቶቻችንን ማስተማር ድፍረት ነው። እኛ ግን የምንነግራችሁ ያለ እናት ስለሚያድግ ጫጩት ነው። የአገራችን ዶሮ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 ዕንቁላል ያህል ብቻ ቢሆንም ልጆቿን ራሷ ታቅፋ ታሳድጋለች። ብዙ እንድትጥል የተመረጠችው ዝርያ ግን ለመታቀፍ እምብዛም አትሻም፤ ስለዚህ የእናትነቱ ሥራ በሰው ላይ ይወድቃል።

ባለፈው ዓመት ከየኪሳችን አዋጥተን ሳሶ ከሚባለው ዝርያ 30 የአንድ ቀን ጫጩቶች ገዛን። አብዛኛውን ጊዜ ለገበሬው የሚሸጡት በአሳዳጊ ዘንድ 45 ቀን ያህል ቆይተውና ተከትበው ነው። እኛ የአንድ ቀኖቹን የመረጥነው ዋጋቸው ስለ ረከሰ ነው፤ የረከሰውም ዋናው ሥራ ገና ስላልተሠራ መሆኑን አላሰብንም። ጫጩት ከአስኳሉ ይዞት የሚወጣው ስንቅ ሁለት ቀን ያህል ስለሚያቆየው በካርቶን ሆነው ጣርማበርን ወርደው በደኅና ደረሱልን።

የያዝነው ጽሑፍ በመጀመሪያው ሳምንት ሙቀቱ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ይሁን፤ ከዚያም በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ይቀነስ ይላል። ይህ ትክክል ነው። ስሕተቱ የእኛ ነበር። አንዲት አሮጌ ዕቃ ቤት በጆንያ ጋርደን፤ በምድጃ የከሰል ፍም አግብተን፤ በሩን ዘግተን ወደ ትምህርታችን ሄድን። ወሩ ግንቦት ነበር። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ ሸዋ ሮቢት ግን 1,300 ሜትር ያህል ላይ መሆኗን በጂኦግራፊ ተምረን ለፈተናም ጽፈነዋል፤ ለጫጩቶቹ ግን አላሰብነውም። በቀትር ስንመለስ ከፍሙ ሸሽተው ግድግዳው ሥር ተደራርበው፤ አፋቸውን ከፍተው ያለከልኩ ነበር። ዶሮ ላብ ስለሌላት ሙቀቷን የምታስወጣው በማለክለክ ነው። 11 ሞቱ። የከሰሉም ጭስ አልባ መርዝ በተዘጋ ቤት ለሰውም ቢሆን የሚያሰጋ እንደ ነበር የሰማነው ኋላ ነው።

ከመካከላችን አንደኛው ያዋጣው ገንዘብ እናቱ ማሾ ሸጠው ለደብተር የሰጡት ነበር። እርሱ ብቻውን ለመንገር ስለ ፈራ ሁላችንም አብረን ሄድን። እንደሚቆጡን ጠብቀን ነበር። እርሳቸው ግን ነጠላቸውን አጣፍተው ዕቃ ቤቱን ሊያዩ መጡና «ልጆቼ፤ ዶሮ ቀኑን ሙሉ ታቅፋ ትውላለችን? ጫጩቱ ሲበርደው ይገባል፤ ሲሞቀው ይወጣል። እናንተ መውጫ አሳጣችኋቸው» አሉን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱን ሁለት ወገን አደረግነው፤ አንዱ የሚሞቅ፤ አንዱ ነፋስ የሚያገኝ። ፍሙን ትተን የእንጨት ሣጥን ግድግዳውን በጭድ ጠቀጠቅን፤ ጫጩቶቹ ሌሊት እዚያ ገብተው በገዛ ገላቸው ሙቀት ያድራሉ፤ ቀን በዛፍ ጥላ ሥር ይውላሉ። ቴርሞሜትሩን ማየት አልተውንም፤ ነገር ግን አስቀድመን የምናየው ጫጩቶቹን ሆነ። ከተቃቀፉ በርዷቸዋል፤ ከሸሹና ካለከለኩ ሞቋቸዋል፤ ተበታትነው ከጫሩ ደኅና ናቸው። ውሃውን በሸክላ አድርገን በቀን ሦስት ጊዜ እንለውጣለን፤ የረጠበውን ጉዝጓዝ እናወጣለን፤ እርጥበት ደም የሚያስቀምጠውን በሽታ ያመጣልና። ማሽላ ብቻውን ለጫጩት ስለማይበቃ የተዘጋጀ መኖ ገዛን፤ ከሁሉ የበዛው ወጪያችንም ይኸው ነበር።

ፈንግልን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ አንድ ጊዜ ከገባ ሰፈር ሙሉ ባዶ ያደርጋል። ክትባቱ በቢሾፍቱ ይሠራል። በቆላ ሙቀት እንዳይበላሽ በበረዶ ዕቃ ተይዞ መጣልን፤ በየዓይናቸውም አንዳንድ ጠብታ አደረግን፤ በኋላም ደገምነው። አንድም በፈንግል አልሞተብንም።

ሸለምጥማጥ ግን ክትባት የለውም፤ አንድ ሌሊት በላላ ሽቦ ገብቶ ሁለት ወሰደ። በክረምቱ ተማሪው ሲበተን በተራ እየመጣን ጠበቅን። 17 አደጉ፤ ከነዚህም 9ኙ ቄቦች ነበሩ። በ6ኛው ወር የመጀመሪያዋን ዕንቁላል ስናገኝ ማን ይያዛት በሚል ጥቂት እንደ ተጣላን አንደብቅም።

ለጓደኛችን እናት ገንዘባቸውን ልንመልስ ብንሄድ አልቀበልም ብለው አንዲት ቄብ መርጠው ወሰዱ። አሁን በግቢያቸው ትጥላለች፤ ዕንቁላሉንም የአገር ዶሯቸው ታቅፋዋለች።

በመጪው ጥቅምት ሌላ 30 ጫጩት ልናመጣ አስበናል፤ ሁለት ሣጥኖችም እንሠራለን። ትርፍ ጭድ ያላችሁ ወላጆች ከዚህ ስብሰባ በኋላ በር ላይ ብታነጋግሩን ራሳችን መጥተን እንሸከማለን።