ጣይቱ ስለሚባለው ስም
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት ከ12ኛ ክፍል ተማሪዎች አንዷ ያደረገችው ንግግር)



ለዚህ በዓል ንግግር እንዳዘጋጅ በታዘዝኩ ጊዜ ስለ ምን እንደምናገር ብዙ አሰብኩ። ስለ ትምህርት ጥቅም፤ ስለ ንጽሕና አጠባበቅና ስለ ዛፍ ተከላ ጓደኞቼ አስቀድመው ስለ ጻፉ ለእኔ የተረፈኝ ርእስ ያለ አይመስለኝም ነበር። በመጨረሻ ግን በየቀኑ ይዤው የምዞረው፤ ብዙም ሳልመረምረው የኖርኩት አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ይኸውም ስሜ ነው። ስሜ ጣይቱ ይባላል።

እንደምታውቁት ይህ ስም ዛሬ በክፍል ስም ጥሪ ላይ ብዙ ጊዜ አይሰማም። እኔም እስከ ዛሬ በተማርኩባቸው ክፍሎች ሁሉ ሌላ ጣይቱ አላጋጠመችኝም። ስምን ብቻ ይዞ መቆም አንዳንድ ጊዜ ያስከብራል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ያስቸግራል። የእኔን ችግር ሳልደብቅ ልንገራችሁ።

የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ አንድ ቀን ስለ ዶሮ እርባታ ተማርን። መምህራችን «እንቁላል ጣይ ዶሮ» የሚለውን ቃል በሰሌዳው ላይ ጻፉ። ከኋላ የተቀመጡት ወንዶች ልጆች ሰሌዳውን አዩና ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ ተረሳ፤ «እንቁላል ጣይ» ተባልኩ። ስሜ በተጠራ ቁጥር ከኋላ የዶሮ ድምፅ ይሰማ ነበር። ዛሬ ስናገረው እናንተም ትሥቃላችሁ፤ እኔም እሥቃለሁ። በዚያን ጊዜ ግን ስም ጥሪ በመጣ ቁጥር ከመሬት በታች ብገባ እወድ ነበር። ስለዚህ ስሜ ወደ ሄለን እንዲለወጥልኝ ማመልከቻ ጽፌ በደብተሬ ውስጥ አስቀመጥኩ። የቀረው መፈረም ብቻ ነበር።

ከመፈረሜ በፊት ግን ስሙን ያወጡልኝን አያቴን አንድ ጊዜ ልጠይቃቸው ብዬ ሄድኩ። ወሩ ኅዳር ነበረ፤ ጊዜውም ጧት። አያቴ ከቤቱ ግድግዳ ሥር ተቀምጠው የበግ ጠጉር ይፈትሉ ነበር።

«እምዬ፤ ይህን ስም ለምን አወጡልኝ? ሌላ ስም ጠፍቶ ነው?» አልኳቸው።

«ስምሽ ደግሞ ምን ሆነ?»

«ልጆቹ ይሥቁብኛል፤ እንቁላል ጣይ ይሉኛል።»

አያቴ እንዝርቱን አስቀምጠው እሳቸውም ሣቁ። ቀጥለውም «በይ ነይ፤ እዚህ ከጎኔ ቁጭ በይ» አሉኝ። ተቀመጥኩ። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «ምን ይሰማሻል?» አሉኝ።

«ሙቀት» አልኩ።

«ከወዴት የመጣ?»

«ከፀሐይ ነዋ!»

«እናንተ ተምራችሁ ፀሐይ ትሏታላችሁ፤ እኛ ጣይ እንላታለን። አንቺ የተወለድሽው በነሐሴ ነው። ጉሙ ከሊማሊሞ ገደል እየወጣ አገሩን ሸፍኖት ጣይ ካየን ሰንብተን ነበር። እናትሽ ሌሊቱን ሙሉ በምጥ ስትጨነቅ አደረች፤ እኛም ተስፋ ቆርጠን ነበር። ሊነጋጋ ሲል አንቺም መጣሽ፤ እናትሽም ተረፈች። ወደ ደጅ ብወጣ ጣይ ወጥታለች። ተመልሼ ገባሁና ‹ጣይቱ› አልኩሽ። ሌላ ምን ልበልሽ?»

እኔም መልስ አልነበረኝም።

በማግሥቱ ነገሩን ለአማርኛ መምህራችን ነገርኳቸው። እሳቸውም በሰሌዳ ላይ እየጻፉ አስረዱኝ። በግዕዝ «ጸ» የነበረው ድምፅ በአማርኛ ንግግር ብዙ ጊዜ «ጠ» ይሆናል። ጸጉር ጠጉር፤ ጾም ጦም፤ ጸሎት ጠሎት ይባላል። እንዲሁም በመካከል ያለው የጉሮሮ ድምፅ ሲጠፋ ቃሉ ያጥራል፤ መሐረ ማረ፤ ሰሐበ ሳበ እንደ ሆነ ማለት ነው። በዚሁ መንገድ ፀሐይ ጠሐይ፤ ጠሐይም ጣይ ሆነ። እንግዲህ የአያቴ ቃል የተሳሳተ ቃል አይደለም፤ በሕጉ መሠረት የተወለደ ትክክለኛ አማርኛ ነው። የዶሮዋ «ጣይ» ግን «ጣለ» ከሚለው ግሥ የመጣ ስለ ሆነ ከፀሐይ ጋር ዝምድና የለውም። ሁለቱን ያገናኛቸው የድምፅ መመሳሰል ብቻ ነው።

በመጨረሻው ላይ ያለው «ቱ» ደግሞ የሴት ምልክት ነው። ልጅ ልጅቱ፤ ንግሥት ንግሥቲቱ፤ ዘውድ ዘውዲቱ ይላል። በቋንቋችን ፀሐይ ወጣች እንጂ ወጣ አይባልም። ስለዚህ ጣይቱ ማለት «ፀሐዪቱ» ማለት ነው። ትግርኛ ተናጋሪዎች ጎረቤቶቻችን ጸሓይቱ ብለው ሴት ልጅ ይሰይማሉ። በኦሮምኛም ቢፍቱ የሚለው የሴት ስም ከፀሐይ መውጣት ጋር የተያያዘ ነው። በባሕር ማዶም ሉሲ የሚለው ስም የመጣው «ብርሃን» ከሚለው የላቲን ቃል ነው። በ1967 ዓ.ም. በአፋር ምድር በሐዳር ለተገኘችው፤ እኛ ድንቅነሽ ለምንላት ቅሪተ አካል የውጭ አገር ሊቃውንት የሰጧት ስም ይኸው ሉሲ ነው።

በቆላ አገር ፀሐይ ታቃጥላለች፤ ሰውም ጥላ ይፈልጋል። ደባርቅ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከበላያችንም ከ4,500 ሜትር በላይ የሚረዝመው ራስ ዳሸን ያለበት የሰሜን ተራራ ሰንሰለት አለ። በዚህ አገር ሽማግሌው ጧት ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ ይሞቃል፤ ገብሱ በአውድማ የሚደርቀው በፀሐይ ነው፤ እረኛውም ብርዱ የሚለቀው ፀሐይ ስትወጣ ነው። ለእኛ አገር ሰው ልጁን «ፀሐዪቱ» ብሎ መጥራት ትልቅ ምርቃት ይመስለኛል።

ይህን ስም በታሪክ ያስከበሩት እቴጌ ጣይቱ ብጡል መሆናቸውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ዘራቸው ከዚሁ ከሰሜን እንደሚመዘዝ ግን የሚያስታውሱ ጥቂቶች ናቸው። አባታቸው ራስ ብጡል ኃይለ ማርያም ሰሜንንና ትግራይን ይገዙ የነበሩት የደጃዝማች ውቤ ወንድም ናቸው። ደጃዝማች ውቤ በጃናሞራ ያሠሯት ደረስጌ ማርያም ዛሬም አለች። ንጉሥ ሆነው ዘውድ ሊጭኑባት ያሰቧት ቤተ ክርስቲያን በየካቲት 1847 ዓ.ም. ድል ነሥተዋቸው የመጡት ካሣ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡባት ሆነች። እንዲህ ሆኖ ከዚያ ቤት ዘውዱ ራቀ። ነገር ግን በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ በእንጦጦ በነገሡ ጊዜ የውቤ የወንድም ልጅ እቴጌ ተብለው ዘውድ ጫኑ።

የክርስትና ስማቸው ወለተ ሚካኤል ነበረ። እቴጌ በሆኑ ጊዜ ደግሞ «ብርሃን ዘኢትዮጵያ» ተባሉ። ልብ ብላችሁ ተመልከቱ፤ ሁለተኛው ስም የመጀመሪያውን ይተረጉመዋል። ፀሐይ ተብለው ያደጉት ብርሃን ተባሉ። ከዚህም ሌላ እሳቸው ራሳቸው ስም አውጪ ነበሩ። በ1879 ዓ.ም. በፍል ውኃ አጠገብ ለተቆረቆረችው ከተማ አዲስ አበባ የሚለውን ስም ያወጡት እሳቸው ናቸው።

ሥራቸውን ሁሉ ለመዘርዘር ጊዜ አይበቃኝም። ሴት ልጅ ፊደል መቁጠሯ ብርቅ በነበረበት ዘመን ማንበብና መጻፍ የተማሩ ነበሩ። በ1888 ዓ.ም. በመቀሌ እንዳ ኢየሱስ የመሸገው የጣልያን ጦር ውኃ የሚቀዳበት ምንጭ እንዲያዝ አሳብ ያቀረቡት እሳቸው ሲሆኑ ያ ምሽግ በውኃ ጥም ተለቀቀ። የካቲት 23 ቀን በዓድዋ የራሳቸውን ሠራዊት ይዘው ዋሉ። በ1898 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ያቆሙት ሆቴል ዛሬም በስማቸው ይጠራል። በየካቲት 1910 ዓ.ም. በእንጦጦ ዐረፉ።

ታዲያ ይህን ያህል የተከበረ ስም እንዴት ብርቅ ሆነ? እኔ እስከማየው ድረስ ስሙ አልጠፋም፤ የሚኖርበት ቦታ ግን ተለወጠ። በሆቴል ሰሌዳ ላይ አለ። በታሪክ መጽሐፍ አለ። በአሜሪካ አገር በዋሽንግተን አካባቢ ዓለምፀሐይ ወዳጆ ባቋቋሙት የባህል ማዕከል ላይ አለ። በሕፃናት ላይ ግን አነሰ። እንደ እኔ አሳብ ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፤ ወላጆች ይህን ስም የአንዲት እቴጌ ብቻ አድርገው ስለሚያዩት ለልጃቸው ከባድ ሸክም ይመስላቸዋል። ሁለተኛ፤ በትምህርት ቤትና በመጽሐፍ «ፀሐይ» የሚለው ጽሕፈት ስለ ሠለጠነ «ጣይ» የሚለው ቃል በአያቶቻችን አፍ ብቻ ቀረ። ትርጉሙ የማይሰማ ስም ደግሞ እንደ እኔ ለዶሮ መሳለቂያ ይሆናል።

የአያቴ መልስ ግን ሌላ ነገር አስተማረኝ። ስለ እቴጌይቱ ካነበብኩ በኋላ ደስ ብሎኝ «እምዬ፤ ለካ በእቴጌ ስም ነው የሰየሙኝ!» ብላቸው «እቴጌይቱንማ እናውቃለን፤ የእኛው የሰሜን ዘር ናቸው። አንቺን ግን የሰየምኩሽ በዚያች ጧት ነው» አሉኝ። እውነትም፤ እቴጌይቱም ቢሆኑ ስሙን ከሰማይ አላመጡትም። ለአንዲት ትንሽ ልጅ ቤተ ሰብ ያወጣላት ስም ነበረ። ያከበሩት በኋላ በሥራቸው ነው።

ውድ ጓደኞቼ፤ ስሙን ለልጃችሁ አውጡት ብዬ አልለምናችሁም። የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ «ስሜን ማን አወጣው? ስለ ምን?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም ጻፉት። ወላጆቻችንም ሳንጠይቃችሁ ንገሩን። ስሙ በምስክር ወረቀታችን ላይ ይጻፋል፤ ምክንያቱ ግን የትም አልተጻፈም። የሚያውቁት ሽማግሌዎች ሲያልፉ አብሮ ያልፋል።

ያ ማመልከቻ ዛሬም በደብተሬ ውስጥ አለ፤ አልፈረምኩበትም። ለብሔራዊ ፈተና የሞላሁት ቅጽ ላይ የጻፍኩት ያው ጣይቱ የሚለውን ነው። እንቁላል ጣይ ይሉኝ የነበሩት ልጆችም ዛሬ እዚህ ተቀምጠው በትዕግሥት አዳምጠውኛልና አመሰግናቸዋለሁ።

አያቴም እዚሁ መካከላችሁ አሉ፤ ከግድግዳው አጠገብ፤ ጣይ ያለበት ቦታ መርጠው ተቀምጠዋል። ትምህርት ቤት ግቢ ሲገቡ የዛሬው የመጀመሪያቸው ነው። እምዬ፤ ስላወጡልኝ ስም እግዜር ይስጥልኝ።