መልቲካስትን በራውተር ላይ ማዋቀር፦ ምንጩን ማን ይወቅ?



የዛሬው ንግግሬ የመልቲካስት ራውቲንግ ፕሮቶኮሎች፣ በተለይም ፒም የተባለው ፕሮቶኮል፣ በራውተር ላይ ስለሚዋቀሩበት መንገድ ነው። ርእሱን ያየ ሰው የትእዛዝ ዝርዝር ይጠብቅ ይሆናል። ትእዛዞቹ ግን ጥቂት ናቸው፤ በአብዛኞቹ ራውተሮች ላይ አምስት ስድስት መስመር ይበቃል። ብዙ ባለሙያዎች መልቲካስትን አጥፍተው የሚተዉት መስመሮቹ ከብደዋቸው አይደለም። ሥርጭቱ ሲቋረጥ ችግሩን ከየት መፈለግ እንደሚጀምሩ ስለማያውቁ ነው። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜዬን የምሰጠው እነዚያ መስመሮች ራውተሩ ውስጥ ለሚያስነሡት ሥራ ነው። አንድ አቋምም ይዤ መጥቻለሁ፦ የሥርጭቱ ምንጭ አስቀድሞ የታወቀ ከሆነ፣ ኔትወርኩ ምንጩን ራሱ ፈልጎ እንዲያገኝ የሚያስገድደውን የቆየ አሠራር መትከል አይገባንም።

በቅድሚያ ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። አንድ ትምህርት በሰከንድ 4 ሜጋቢት በሆነ ቪዲዮ ይሠራጫል እንበል፤ በተለያዩ አዳራሾችና ቤተ ሙከራዎች የተቀመጡ 300 ኮምፒውተሮች ይከታተሉታል። በዩኒካስት ከሆነ ሰርቨሩ 300 ቅጂ ይልካል፤ ይህም በሰከንድ 1,200 ሜጋቢት ነው፤ የአንድ ጊጋቢት መስመር አይችለውም። በመልቲካስት ከሆነ በየትኛውም መስመር ላይ የሚያልፈው አንድ ቅጂ፣ ማለትም 4 ሜጋቢት ብቻ ነው። (ይህ ስሌት በገመድ ለተያያዙ መሣሪያዎች ነው። በዋይፋይ ላይ የመልቲካስት ፓኬት ያለ ማረጋገጫና በዝቅተኛ ፍጥነት ስለሚላክ ነገሩ ሌላ ነው፤ ራሱን የቻለ ንግግር ይፈልጋል።)

ልዩነቱን ለማየት እድርን አስቡ። ዩኒካስት በየቤቱ እየዞረ መርዶውን ለያንዳንዱ አባል የሚነግር መልእክተኛ ነው። ብሮድካስት ጡሩንባ ነፊው ነው፤ የእድሩ አባል የሆነውም ያልሆነውም ይሰማዋል። መልቲካስት ደግሞ አባል ባለበት መንደር ብቻ የሚሰማ ጡሩንባ ነው። ይህ እንዲሆን በየመንገዱ መገንጠያ ላይ የቆመ አንድ ሰው «በዚህ በኩል አባል አለ፣ በዚያ በኩል የለም» ብሎ ማስታወስ አለበት። ያ ሰው ራውተሩ ነው። በዩኒካስት ራውተሩ ስለ ግለሰቦች ንግግር ምንም አያስታውስም፤ ፓኬቱ የሚሄድበትን አድራሻ አይቶ ያሳልፋል። በመልቲካስት ግን ለየቡድኑ፣ ብዙ ጊዜም ለየምንጩ፣ መዝገብ ይይዛል። የመልቲካስት ዋጋ የሚከፈለው በዚህ መዝገብ ነው፤ ስሕተቶቹም በአብዛኛው እዚሁ ይገኛሉ።

የመነሻውን ሞዴል የቀረጸው ስቲቭ ዲሪንግ ነው፤ በነሐሴ 1989 እ.ኤ.አ. በወጣው አር.ኤፍ.ሲ. 1112 ሰፍሮ ይገኛል። ከ224.0.0.0 እስከ 239.255.255.255 ያሉት አድራሻዎች የመሣሪያ አድራሻ መሆናቸው ቀርቶ የቡድን ስም ሆኑ። ተቀባይ ማን እንደሚልክ ሳያውቅ ቡድኑን ይቀላቀላል፤ ላኪም አባል መሆን ሳያስፈልገው ለቡድኑ ይልካል። በመጋቢት 1992 እ.ኤ.አ. የኢንተርኔት ኢንጂነሪንግ ግብረ ኃይል በሳንዲያጎ ያደረገው ስብሰባ በዚህ መንገድ ድምፁ ወደ 20 ቦታዎች ተሠራጭቷል። ሞዴሉ ለተጠቃሚው እጅግ ቀላል ነው። ቀላልነቱ ግን ያለ ዋጋ አልመጣም፤ ተቀባዩ የማያውቀውን ምንጭ ፈልጎ የማግኘቱን ሸክም በራውተሮቹ ጫንቃ ላይ አሳርፎታል።

አሁን ወደ ራውተሩ ውስጥ እንግባ። የዩኒካስት ራውተር የሚጠይቀው «ይህ ፓኬት ወዴት ይሄዳል?» ብሎ ነው። የመልቲካስት ራውተር ግን አስቀድሞ «ከየት መጣ?» ይላል። ዮገን ዳላልና ሮበርት ሜትካፍ በ1978 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ ለብሮድካስት ያቀረቡት ይህ ሐሳብ የተገላቢጦሽ መንገድ ፍተሻ ይባላል። ራውተሩ የላኪውን አድራሻ በዩኒካስት ሠንጠረዡ ውስጥ ይፈልግና «እኔ ወደዚህ ላኪ ብልክ በየትኛው ኢንተርፌስ እልክ ነበር?» ይላል። ፓኬቱ የመጣው በዚያው ኢንተርፌስ ከሆነ ያሳልፈዋል፤ በሌላ ከሆነ ይጥለዋል። ፓኬት ዙሪያ ጥምጥም እየዞረ እንዳይባዛ የሚከላከለው ይህ ፍተሻ ነው።

ፒም የራሱ የመንገድ ሠንጠረዥ የለውም፤ ኦ.ኤስ.ፒ.ኤፍ.ም ይሁን በእጅ የተጻፈ መንገድ፣ ያለውን የዩኒካስት ሠንጠረዥ ይዋሳል። ከዚህ የሚከተለውን ልብ በሉ። በሁለት ራውተሮች መካከል ሁለት መስመሮች አሉ እንበል። ኦ.ኤስ.ፒ.ኤፍ. ወደ ምንጩ የሚወስደውን መንገድ በአንደኛው መስመር መርጧል፤ አዋቃሪው ግን ፒምን ያበራው በሁለተኛው ላይ ብቻ ነው። ፒንግ ይመልሳል፣ ድረ ገጽ ይከፈታል፣ ቪዲዮው ግን የለም። ራውተሩም ቅሬታ አያሰማም፤ ሥራውን በትክክል እየሠራ ነውና። መድኃኒቱ ፒምን በሁሉም የውስጥ ኢንተርፌሶች ላይ ማብራት ነው፤ ወደ ውጭ በሚወጣው ኢንተርፌስ ላይ ግን አይበራም። ለመልቲካስት ብቻ ተብሎ በእጅ የሚጻፍ መንገድ አለ፤ እርሱን የምመክረው ሁለቱ ትራፊኮች በዕቅድ እንዲለያዩ ሲፈለግ ብቻ ነው። ስሕተትን ለመሸፈን የገባ እንደዚህ ያለ መስመር፣ ከዓመት በኋላ ለሚመጣው ባለሙያ እንቆቅልሽ ይሆንበታል።

ዴንስ ሞድ የሚባለውን ቶሎ ልለፈው። ሥርጭቱን ለሁሉም ያጥለቀልቅና የማይፈልጉት «ተውን» እንዲሉ ይጠብቃል፤ እምቢታቸው ጊዜው ሲያልፍ እንደገና ያጥለቀልቃል። ለቤተ ሙከራ ማሳያ ካልሆነ በቀር ዛሬ የሚመረጥበት ምክንያት አይታየኝም።

ስፓርስ ሞድ የተገላቢጦሽ ነው፤ ካልተጠየቀ አይልክም። በቅርቡ ደንቡ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. በወጣው አር.ኤፍ.ሲ. 7761፣ እንደተደነገገው ምንጩን የማያውቅ ተቀባይና ተቀባዩን የማያውቅ ላኪ የሚተዋወቁበት አንድ ራውተር ይሰየማል፤ የመገናኛ ነጥብ እንበለው። በላኪው አጠገብ ያለው ራውተር የመጀመሪያዎቹን ፓኬቶች በሌላ ፓኬት ጠቅልሎ ወደ መገናኛው ነጥብ ይልካል፤ ይህ ምዝገባ ይባላል። በተቀባዩ አጠገብ ያለው ራውተር ደግሞ ወደ መገናኛው ነጥብ የጋራ ዛፍ ይዘረጋል። የመጀመሪያው ፓኬት ሲደርሰው ምንጩን ያውቅና፣ ብዙውን ጊዜ፣ የጋራውን ዛፍ ትቶ በቀጥታ ወደ ምንጩ አዲስ ዛፍ ይተክላል። ሁሉም ራውተሮች በመገናኛው ነጥብ ማንነት መስማማት አለባቸው፤ አንዱ ራውተር ሌላ አድራሻ ከተጻፈበት ከእርሱ በታች ያሉት ተቀባዮች ዝምታ ብቻ ይሰማሉ። መገናኛው ነጥብ ቢወድቅስ? ምትክ ያስፈልጋል። ሁለት ነጥቦች ቢኖሩስ? ስለ ምንጮቻቸው የሚነጋገሩበት ሌላ ፕሮቶኮል፣ ኤም.ኤስ.ዲ.ፒ.፣ ይጨመራል። ምዝገባ፣ ሁለት ዓይነት ዛፍ፣ ምርጫ፣ ምትክ፣ ተጨማሪ ፕሮቶኮል፤ ይህ ሁሉ የሚደረገው «ላኪው ማን ነው?» የሚል አንድ ጥያቄ ለመመለስ ነው።

የትምህርት ቪዲዮን የሚያሠራጨውን ሰርቨር አድራሻ ግን እናውቀዋለን። ራሳችን ነን የሰጠነው! ተማሪው የሚጫነው ማስፈንጠሪያ ውስጥ ማስገባት ይቻላል። ሂው ሆልብሩክና ዴቪድ ቸሪተን በ1999 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ሐሳብ በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው፦ ተቀባዩ ቡድኑን ብቻ ሳይሆን ምንጩንም ጠቅሶ ይጠይቅ። ይህ አሠራር በ2006 እ.ኤ.አ. በአር.ኤፍ.ሲ. 4607 ደንብ ሆነ፤ ከ232 የሚጀምሩት አድራሻዎችም ተመደቡለት። ተቀባዩ በአይ.ጂ.ኤም.ፒ. ሦስተኛ ቅጂ «ከዚህ ምንጭ ይህን ቡድን እፈልጋለሁ» ይላል፤ ራውተሩም ጥያቄውን በቀጥታ ወደ ምንጩ አቅጣጫ ያሳልፋል። መገናኛ ነጥብ የለም፤ ምዝገባ የለም፤ የጋራ ዛፍ የለም። ቅንብሩም ያጥራል፦ መልቲካስትን በራውተሩ ላይ ማብራት፣ ፒምን በውስጥ ኢንተርፌሶች ላይ ማብራት፣ ተቀባዮች ባሉበት በኩል የአይ.ጂ.ኤም.ፒ.ን ሦስተኛ ቅጂ መምረጥ፣ የ232 አድራሻዎች በዚህ አሠራር እንዲስተናገዱ ማዘዝ። ሌላም ጥቅም አለው። በቀድሞው ሞዴል ማንም ለቡድኑ መላክ ስለሚችል፣ አንድ ተንኮለኛ በትምህርቱ ቡድን ላይ የራሱን ቪዲዮ ሊለቅ ይችላል፤ በዚህኛው ግን ከተጠቀሰው ምንጭ ያልመጣ ፓኬት ዛፍ አይተከልለትም።

በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው አር.ኤፍ.ሲ. 8815 የቀድሞው ሞዴል በተለያዩ አስተዳደሮች ኔትወርኮች መካከል ጥቅም ላይ እንዳይውል መክሯል። ሰነዱ በአንድ አስተዳደር ውስጥ ያለውን አሠራር አይከለክልም፤ ወደ ግቢ ውስጥም ልናመጣው ይገባል የምለው እኔ ነኝ። ተቃውሞው ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሁሉም ላኪ፣ ሁሉም ተቀባይ የሆነበት አገልግሎት አለ፤ መሣሪያዎች እርስ በርሳቸው የሚፈላለጉበትም አለ። በእነዚህ ምንጩ አስቀድሞ አይታወቅምና መገናኛው ነጥብ ተገቢ ነው። የአይ.ጂ.ኤም.ፒ.ን ሁለተኛ ቅጂ ብቻ የሚያውቁ አሮጌ መሣሪያዎችም አሉ፤ ለእነርሱ በአንዳንድ ራውተሮች ላይ ቡድንን ከምንጭ ጋር የሚያዛምድ ሠንጠረዥ መጻፍ ይቻላል። ለእነዚህ ልዩ ጉዳዮች ሲባል ግን የግቢውን ሥርጭት ሁሉ በመገናኛ ነጥብ ማሳለፍ፣ ለአንድ እንግዳ ሲሉ የቤቱን ሁሉ በር እንደ መቀየር ይሆንብኛል።

ራውተሩ በትክክል ተዋቅሮ ሥርጭቱ የሚቋረጥበት አንድ ቦታ አለ፤ ስዊቹ። ስዊች የአይ.ጂ.ኤም.ፒ. መልእክቶችን ጆሮውን ጥሎ እየሰማ የትኛው ወደብ ላይ አባል እንዳለ ይመዘግባል። መዝገቡ የሚታደሰው አንድ ጠያቂ በየጊዜው «አባል አለ?» ሲልና መሣሪያዎቹ ሲመልሱ ነው። ፒም የሚሠራበት ራውተር ካለ ጠያቂው እርሱ ነው። ራውተር በሌለበት፣ ለምሳሌ ለካሜራዎች ብቻ በተለየ የስዊች ክፍል ውስጥ፣ ማንም አይጠይቅም። ምልክቱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ምስሉ ይጀምራል፣ አራት ደቂቃ ያህል ይሠራል፣ ይቆማል። ፕሮግራሙ ተዘግቶ ሲከፈት እንደገና ይሠራል። ምክንያቱ ስሌት ነው። በደንቡ መሠረት በጥያቄዎች መካከል ያለው ጊዜ 125 ሰከንድ ነው፤ ሁለት ጊዜ 125 ላይ የመልስ ጊዜው 10 ሲጨመር 260 ይሆናል። በ260 ሰከንድ ውስጥ ያልታደሰ አባልነት ይሰረዛል። ካሜራውን ከመለወጥ በፊት ስዊቹ ራሱ ጠያቂ እንዲሆን ማዘዝ ይበቃል።

ሌላው ወጥመድ የአድራሻ ምርጫ ነው። የቡድን አድራሻ ልዩ ልዩ ሊሆን የሚችለው በ28 ቢት ነው፤ በኤተርኔት አድራሻ ውስጥ የሚገባው ግን 23 ቢት ብቻ ነው። አምስት ቢት ስለሚጠፋ 32 ቡድኖች አንድ የኤተርኔት አድራሻ ይጋራሉ። 225.0.0.1፣ 232.0.0.1 እና 239.128.0.1 በስዊቹ ዐይን ከ224.0.0.1 አይለዩም፤ ያ ደግሞ ለሁሉም መሣሪያ የሚደርስ አድራሻ ነው። እንዲህ ያሉትን የመረጠ ሰው ቪዲዮውን ለግቢው ሁሉ ያጥለቀልቃል። ሦስተኛው ወጥመድ ትንሽ ናት፦ የመልቲካስት ፓኬት የዕድሜ ቁጥር፣ ፕሮግራሙ ካልለወጠው በቀር፣ 1 ነው። እንዲህ ያለ ፓኬት የመጀመሪያውን ራውተር አያልፍም፤ መስተካከል ያለበትም በላኪው ፕሮግራም ላይ ነው።

ተማሪዎች በሊኑክስ ላይ ኤፍ.አር.አር. የተባለውን ክፍት ፕሮግራም ጭናችሁ፣ ሦስት ምናባዊ ራውተሮችን በሰልፍ አገናኝታችሁ ይህን ሁሉ መሞከር ትችላላችሁ። ሥርጭቱ አልደርስ ሲል ከምንጩ አትጀምሩ። የመቀላቀል ጥያቄ የሚጓዘው ከተቀባዩ ወደ ምንጩ ነውና እናንተም በዚያው አቅጣጫ ሂዱ። በመጨረሻው ራውተር ላይ አባልነቱ ተመዝግቧል? ካልተመዘገበ ችግሩ በተቀባዩ ወይም በስዊቹ ላይ ነው። ከተመዘገበ፣ ወደ ምንጩ የሚወስደው መንገድ በየትኛው ኢንተርፌስ ነው፤ በዚያ ኢንተርፌስ ላይስ የፒም ጎረቤት ይታያል? የሰላምታ መልእክት በየ30 ሰከንዱ ይላካል፤ ጎረቤት ለ105 ሰከንድ ድምፁ ከጠፋ ከመዝገብ ይወጣል። ጎረቤቱ ካለ ወደ እርሱ ተሻገሩና የዚያን ምንጭና ቡድን መዝገብ ክፈቱ፤ መግቢያውን፣ መውጫዎቹን፣ የፓኬት ቆጣሪውን እዩ። መዝገቡ ኖሮ ቆጣሪው ካልተንቀሳቀሰ ዛፉ ተተክሏል፣ ፓኬቱ ግን ከላይ አልመጣም፤ ወደሚቀጥለው ራውተር እለፉ። መዝገቡ ጨርሶ ከሌለ ጥያቄው የቆመው አሁን በተሻገራችሁት መስመር ላይ ነው።