የደጋ ዝናም፣ የቆላ ጎርፍ



በመንዝና በግሼ ደጋ የሚጥለው ዝናም በወንጪትና በጀማ ሸለቆዎች ወርዶ ወደ ዓባይ ይገሠግሣል። ስለዚህ በመርሐቤቴ ቆላ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ወንዙ በድንገት ሊሞላ ይችላል። መንገደኛ ከመሻገሩ በፊት የደጋውን ደመና ይመልከት፤ ውሃው ደፍርሶ ግንድ ሲያንከባልል ካየ ከነከብቱ ወደ ከፍታ ይውጣ።

በሐምሌ 1998 ዓ.ም. በድሬዳዋ ከ200 በላይ ሰዎችን የገደለው ጎርፍ የደረሰው በሌሊት ነበር፤ ማስጠንቀቂያ ሳይመሽ መነገር አለበት። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ የተቀበሩትን ሊያወጡ የተሰበሰቡትን ሁለተኛ ናዳ ቀበራቸው፤ እርዳታም ተራራውን የሚጠብቅ ዘብ ይሻል።

ትንበያው በሬዲዮ መነገሩ ብቻውን አይበቃም። ዝናሙን አስቀድሞ ያየው የደጋ ሰው ለቆላው ወንድሙ ፈጥኖ ይንገረው።