የኮስሚክ ጨረር አምሳያ ስሌትና የደቡብ ጎንደር ደጋ

(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



በደብረ ታቦር ጄኔሬተር የሚለው ቃል ሲነሣ ከሁሉ አስቀድሞ ወደ ሰው ልቡና የሚመጣው መብራት ሲጠፋ የሚነሣው ባለ ነዳጅ ሞተር ነው። የቅንጣት ፊዚክስ ሊቃውንት ግን በዚሁ ስም የሚጠሩት ሌላ መሣሪያ አላቸው፤ ይኸውም ሁለት ቅንጣቶች ሲጋጩ ምን ሊወለድ እንደሚችል በዕጣ እያወጣ የሚመዘግብ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው። አንድ ግጭት ከነውጤቱ አንድ ሁነት ስለሚባል፣ ፕሮግራሙ በዚህ ንግግር ሁነት አመንጪ ተብሎ ይጠራል።

በዕጣ መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም። የኳንተም ሕግ የእያንዳንዱን ውጤት የመሆን ዕድል ይናገራል እንጂ ቀጣዩ ግጭት ከውጤቶቹ የትኛውን እንደሚያስገኝ አስቀድሞ አይናገርም። በዕቁብ የአባላቱ ዕጣ እኩል ነው፤ በአመንጪው ዘንድ ግን አዘውትሮ የሚሆነው ውጤት ብዙ ዕጣ፣ አልፎ አልፎ የሚሆነው ጥቂት ዕጣ ይይዛል። ሞንቴ ካርሎ የተባለው ይህ ስልት እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በስታኒስላቭ ኡላምና በጆን ፎን ኖይማን ሥራ ተስፋፋ። ዛሬ በሰፊው የሚሠራበት ፒቲያ የተባለው አመንጪ ደግሞ በስዊድን በሉንድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ከተጀመረው ሥራ የተገኘ ነው።

አመንጪው ብቻውን ግን ሥራውን አይፈጽምም። የተወለዱት ቅንጣቶች በአየር፣ በብረት ወይም በመለኪያ ውስጥ ሲያልፉ ጉልበታቸውን እንዴት እንደሚያጡና የት እንደሚቆሙ የሚከታተል ሌላ ፕሮግራም ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1998 ለተጠቃሚዎች የቀረበው ጂያንት-4 ይህን ያደርጋል። በጀርመን አገር በካርልስሩኤ የተሠራው ኮርሲካ ደግሞ ከሰማይ የሚወርደውን ጨረር በከባቢ አየር ውስጥ እየተከተለ፣ ለየግጭቱ አመንጪን ጠርቶ ያሠራል።

ይህ ነገር ለደቡብ ጎንደር ምን ይፈይዳል? በአካባቢው የቅንጣት ማፋጠኛ የለም። ሆኖም ማፋጠኛው ከሰማይ ነው። ከኅዋ የሚመጣው ፕሮቶን የአየሩን የናይትሮጅን ወይም የኦክስጅን አስኳል ሲመታ ፒዮኖች ይወለዳሉ፤ ከፒዮኖችም ሙዮኖች ይወለዳሉ። የሙዮን አማካይ ዕድሜ 2.2 ማይክሮ ሴኮንድ ብቻ ነው። በዚህ ዕድሜ በብርሃን ፍጥነት ቢሮጥ እንኳ 660 ሜትር ያህል ብቻ በተጓዘ ነበር፤ ነገር ግን የአይንስታይን የአንጻራዊነት ሕግ ዕድሜውን ስለሚያራዝምለት ከ15 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ተነሥቶ ምድር ይደርሳል። በባሕር ወለል ከፍታ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ በደቂቃ አንድ ያህል ሙዮን ያርፋል፤ ከፍታው ሲጨምር ቁጥሩም ይጨምራል።

እንግዲህ ከ1,800 ሜትር ብዙ የማይርቀው የፎገራ ሜዳ፣ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለችው ደብረ ታቦርና ከ4,000 ሜትር በላይ የሚቆመው የጉና ተራራ እርስ በርሳቸው ተቀራርበው መገኘታቸው ትልቅ ሀብት ነው። ተፈጥሮ ሦስት የላቦራቶሪ ፎቆች ሠርታ አስቀምጣለች ማለት ይቻላል።

በአፍሪካ ቀንድ ደጋ ላይ ጨረሩን መለካት እንግዳ ነገር አይደለም። ብሩኖ ሮሲ እ.ኤ.አ. በ1933 በጊዜው በኢጣልያ ቅኝ ግዛት ሥር በነበረችው በአስመራ ከተማ፣ 2,370 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ቆጣሪዎቹን ተክሎ ነበር። አስመራን የመረጠውም ለምድር መግነጢሳዊ ወገብ ቅርብ ስለሆነች ነው። ከምዕራብ የሚመጣው ጨረር ከምሥራቅ ከሚመጣው በልጦ አገኘው፤ ይህም ከኅዋ የሚመጡት ቅንጣቶች አብዛኞቹ አዎንታዊ ቻርጅ እንዳላቸው አመለከተ። እዚያው ሳለም ተራርቀው የተቀመጡ ቆጣሪዎች ከአጋጣሚ በሚበልጥ ብዛት በአንድነት ሲመቱ አስተዋለ። ይህ ከአንድ ግጭት የሚነሣ የቅንጣቶች ዶፍ እ.ኤ.አ. በ1938 በፒዬር ኦዤ በስፋት ተጠና። ሮሲ ኮምፒዩተር አልነበረውም፤ ቆጣሪ ግን ነበረው። የዛሬው ተማሪ ኮምፒዩተር አለው፤ ቆጣሪ የሌለው ብዙ ነው። የጉዳዩ ክብደት እዚህ ላይ ነው።

ወደ ሥራው ሲገባ ትልቁ ጥንቃቄ በአመንጪውና በተከታታዩ ፕሮግራም መካከል ያለው ርክክብ ነው። አንድ የመጋዘን ኃላፊ ዕቃ ሲረከብ ቆጥሮና መዝኖ እንደሚፈርም ሁሉ፣ እዚህም ሦስት ነገሮች መረጋገጥ አለባቸው።

አንደኛው መስፈሪያ ነው። አመንጪዎቹ ጉልበትን አብዛኛውን ጊዜ በጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ይጽፋሉ፤ ጂያንት-4 በውስጡ የሚሠራው በሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ነው። 4 የሚለው ቁጥር ያለ መስፈሪያው ከተላለፈ ሙዮኑ ጉልበቱ አንድ ሺሕ ጊዜ አንሶ ይቀርባል፤ መለኪያውን ዘልቆ ማለፍ የነበረበትም ገና ከመግባቱ ይቆማል። ፕሮግራሙ ስሕተት አለ ብሎ አይጮኽም፤ የተሳሳተውን ሥዕል አሳምሮ ያወጣል እንጂ።

ሁለተኛው ቆጠራ ነው። የአመንጪው መዝገብ ወላጆችንም ልጆችንም አብሮ ይይዛል። ፒዮኑም ከእርሱ የተወለደው ሙዮንም አብረው ከተላለፉ አንዱ ጉልበት ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ስለዚህ የሚተላለፉት በመዝገቡ የመጨረሻ የተባሉት ብቻ ናቸው።

ሦስተኛው የመፍረስ ሥልጣን የማን እንደሆነ መወሰን ነው። በአየር ውስጥ የሚጓዝ ፒዮን ሁለት ዕድል አለው፤ አንድም ፈርሶ ሙዮን ይሆናል፣ አንድም ሳይፈርስ ሌላ አስኳል ይመታል። በስሱ የላይኛው አየር መፍረሱ፣ በወፍራሙ የታችኛው አየር መምታቱ ያይላል። አመንጪው ፒዮኑን በተወለደበት ቅጽበት ቢያፈርሰው ይህ ፉክክር ይጠፋል፤ የሙዮኖቹም ቁጥር ከእውነቱ ይበልጣል። ስለዚህ እንደ ፒዮን ያለውን ረጅም መንገድ የሚሄድ ቅንጣት ሳይፈርስ ለተከታታዩ ማስረከብ ይገባል።

ከእነዚህ ሌላ የዕጣው መነሻ ቁጥርና የፕሮግራሙ ዕትም መመዝገብ አለባቸው። መብራት ተቋርጦ ሥራው ቢስተጓጎል፣ ወይም ሌላ መርማሪ ውጤቱን ልፈትሽ ቢል፣ ያንኑ ዕጣ መልሶ ማውጣት የሚቻለው በዚህ ነው። ስሌቱ ምን ያህል መርዘም እንዳለበትም ሒሳቡ ይናገራል፤ 10,000 ሁነቶች አንድ በመቶ ያህል የቁጥር ጥርጣሬ ይተዋሉ፤ ጥርጣሬውን ወደ አንድ አሥረኛው ለማውረድ መቶ እጥፍ ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም አመንጪው ያው መላ ምት ነው። በአርጀንቲና የሚገኘው የፒዬር ኦዤ የምርምር ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ጽሑፍ፣ እጅግ ከፍተኛ ጉልበት ባላቸው ዶፎች ውስጥ የተቆጠሩት ሙዮኖች አመንጪዎቹ ከተነበዩት በልጠው መገኘታቸውን አስታውቋል። በዓለም የታወቁት አመንጪዎች ከመለኪያ ፊት ቀርበው ጉድለታቸው ከታየ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ተሠርቶ ሳይለካ የቀረ ስሌት እንደ ግኝት ሊቈጠር አይገባውም።

ስለሆነም ለደጋው የሚስማማው ሥራ ግልጽ ነው። ፒቲያና ጂያንት-4 ያለ ክፍያ የሚገኙ ናቸው። አንዱ ከሌላው በላይ የተደረጉ፣ ሁለቱ በአንድነት ሲመቱ ብቻ የሚቆጥሩ ሁለት የጋይገር ቱቦዎች ለመጀመሪያ ልኬት ይበቃሉ። ስሌቱ አስቀድሞ ተሠርቶ፣ በፎገራ፣ በደብረ ታቦርና በጉና የሚጠበቀው ቁጥር ተጽፎ ይቀመጥ። ቆጣሪው ከዚያ በኋላ ይውጣ፤ የአየሩ ግፊትም አብሮ ይመዝገብ፤ ግፊት ሲጨምር ቁጥሩ ይቀንሳልና። ሁለቱ ቁጥሮች ቢስማሙ ተማሪው መሣሪያውን ማወቁ ይረጋገጣል፤ ባይስማሙ ደግሞ ርክክቡን፣ ቆጣሪውንና አመንጪውን በተራ ይመረምራል። በሁለቱም መንገድ የሚያተርፈው ዕውቀት ነው፤ ከደጋው የሚወጣውም ቁጥር ሌላው ሊፈትሸውና ሊጠቀምበት የሚችል ይሆናል።