ስለ ጫት፣ ስለ መጠጥና ከዚያ ስለሚከተለው



ዛሬ የማነሣው ነገር በአደባባይ ሲነገር የሚያሳፍር ይመስላል። ነገር ግን በየሰፈራችን የሚደረግ ነውና ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልሁም።

የአዲስ አበባ ወጣት ጫት ሲጀምር ብዙ ጊዜ «ለጥናት ነው» ይላል። ቅጠሉ ካቲኖን የሚባል የሚያነቃቃ ንጥረ ነገር ስላለው እንቅልፍን ያርቃል፤ ይህ እውነት ነው። ማታ ግን ምርቃናው አልለቅ ይላል፤ ያን ጊዜ «ጨብሲ» ተብሎ ወደ መጠጥ ቤት ይኬዳል። (ስሙ ሲጠራ እንዴት ያለ ቀላል ነገር ይመስላል!) መጠጡ ምርቃናውን ሲሰብር ማስተዋልንም አብሮ ይሰብራል። ቀን «ያለ ኮንዶም አይሆንም» ይል የነበረው ልጅ ሌሊት ቃሉን ይረሳል። የሰከረች ልጅ ዝምታም ፈቃድ አይደለም፤ ይህን ወንዶች ጓደኞቼ ልብ በሉልኝ።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው መጠጥ መሸጥን ይከለክላል። ሻጭ ዕድሜ ሲጠይቅ ግን እኔ አላየሁም።

ወላጆቻችን ሆይ፤ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ለኤች አይ ቪ ለተጋለጠ ሰው የሚሰጥ መከላከያ መድኃኒት አለ። በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ 28 ቀን የሚወሰድ ነው፤ በቶሎ ሲጀመርም ይበልጥ ይረዳል። ቁጣችሁን የሚፈራ ልጅ እነዚህን ሰዓታት በመደበቅ ይጨርሳቸዋል። ስለዚህ ልጃችሁ ጧት ተክዞ ቢገባ፣ የሆነውንም ቢነግራችሁ፣ ቁጣውን አቆዩትና በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይዛችሁት ሂዱ።