ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» እና ስለ ወጣቶቻችን ስልክ የተደረገ ንግግር



ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ እዚህ ዲማ ተምረዋል፤ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ደግሞ የዲማን ስም ለአገር አሰምተዋል። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ፊደል ያልቆጠረው ሳይቀር ሰማው። ዛሬ ወጣቱ ትረካውን እየቆረጠ፣ ሥዕልና ዜማ እየጨመረ በቴሌግራምና በቲክቶክ ይለቀዋል።

ታዲያ አንዳንዶች «ሥራ ፈትነት ነው» ይላሉ። እኛ አይደለም ባዮች ነን። ወዳጅ ያጣ መጽሐፍ ሣጥን ውስጥ ይቀራል። ሰብለ ወንጌልን መሣል፣ ጉዱ ካሣን መስሎ መናገርም መጽሐፉን ማኖር ነው።

ሁለት ነገር ግን እንለምናለን።

አንደኛ፣ የደራሲውና የተራኪው ስም ይጻፍ። በቅኔ ቤት የሰው ቅኔ «የኔ ነው» ማለት ነውር ነው እኮ!

ሁለተኛ፣ የጎረቤትን ግቢ አንስቶ «የፊታውራሪ መሸሻ ቤት ይኸውላችሁ» ማለት ይቅር። ፊታውራሪ የልብ ወለድ ሰው ናቸው፤ ግቢው ግን ባለቤት አለው፤ እንግዳ መጥቶ በሩን ሲያንኳኳ የሚቸገረው እሱ ነው።

ይልቅስ ሽማግሌዎችንና የቅኔ መምህራንን አስፈቅዳችሁ እውነተኛውን ዲማ አሳዩልን።



የማኅበሩ ጸሐፊ