ለባለቤታችን ልደት ምግብ ቤት ስንመርጥ

በወርሃዊ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር



በብዙዎቻችን ወላጆች ቤት ልደት ማክበር አልተለመደም ነበር። የተወለዱበትንም ቀን የሚያስታውሱት «የኅዳር ሚካኤል ማግስት» እያሉ ነው። እኛ ግን መጀመሪያ ለልጆቻችን ሻማ አበራን፤ አሁን ደግሞ ባለቤቶቻችንን ደህና ምግብ ቤት መጋበዝ ጀምረናል። ራሳችን ባገኘነው ገንዘብ መጋበዛችን ያስደስተናል። ስለ አመራረጡ ግን እንነጋገር።

አምና ከመካከላችን አንዷ ለባለቤቷ 40ኛ ዓመት ልደት አራት ወር ቆጥባ 4,500 ብር ያዘች። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አንድ ትልቅ ሆቴል ቡፌው ለአንድ ሰው 2,000 ብር መሆኑን አይታ፣ «ለሁለት 4,000፣ የተረፈው ለታክሲ» ብላ ይዛው ሄደች። ቀኑ ረቡዕ ነበር። እሱ ይጾማል፤ ከዚያ ሁሉ ምግብ መካከል ሩዝና የተቀቀለ አትክልት በላ። ሂሳቡ ሲመጣ 5,060 ብር ሆነ። የጎደለውን ባለልደቱ ከኪሱ ሞላ። እሱ ምንም አላለም፤ እሷ ግን ቤት እስኪደርሱ ቀና ብላ አላየችውም። ያቺ ሴት የማኅበራችሁ ሂሳብ ሠራተኛ፣ አሁን ፊታችሁ የቆመችው ናት።

ዋጋው አጠገብ ሁለት የመደመር ምልክቶች ነበሩ። አንደኛው የአገልግሎት ክፍያ፣ ሁለተኛው ቫት ነው። 4,000 ላይ 10 በመቶ ሲጨመር 4,400፤ በዚያ ላይ 15 በመቶ ሲጨመር 5,060 ይመጣል። እንዲህ ባለ ቤት ሜኑ ላይ ያየነውን እያንዳንዱን 1,000 ብር 1,265 ብለን እንያዘው። ሁሉንም አጠቃለው የሚጽፉ ቤቶችም ስላሉ አስቀድመን ደውለን «ዋጋው ቫትና ሰርቪስ ያካትታል?» እንበል። መጠየቅ ነውር አይደለም።

ከሂሳቡ የከፋው ግን ባለልደቱን አለማሰባችን ነው። ልደቱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ ወደ ቅዳሜ እናዛውረው፤ ሁዳዴ ከሆነም የጾም ምግብ አሳምሮ የሚሠራ ቤት እንፈልግ። የሥጋው ነገር የሚያሳስባቸው ክርስቲያንም ሆኑ ሙስሊም እህቶቻችን ይህንንም አስቀድመው ይጠይቁ። ዘፈንና ጭፈራ ያለበት የባህል ምግብ ቤት ከጓደኞች ጋር ደስ ይላል፤ ሁለት ሆኖ ለመጨዋወት ግን ጸጥ ያለ ቤት ይሻላል። ኬክ ከውጭ የምናመጣ ከሆነም ማስገባት ይፈቀድ እንደሆነ፣ ያስከፍልም እንደሆነ እንወቅ።

አንድ አደራ አለን፦ ከማኅበራችን የምንበደረው ገንዘብ ለሥራ ነው። ለድግስ አይነካ።

ዘንድሮ እኛ ቤት ልደቱ የተከበረው ቅዳሜ በምሳ ሰዓት ነው። የሦስት ቤቶችን ዋጋ ጠይቀን ከአቅማችን በላይ የሆነውን አስወጣን፤ ከቀሩት ሁለቱ አንዱን እሱ መረጠ። ከምግቡ በኋላ ማኪያቶ ጠጣን። ከዚያ «አንድ ልድገም?» ሲል ጠየቀ። አምና ውኃውን እንኳ ሳይጨርስ ነበር የተነሣው። ዘንድሮ ግን «ድገም» አልነው፤ እንደሚበቃን እናውቅ ነበር።